እንቁላል ሸጠን ስኳር የገዛንበት ዘመን



በዚህ ወር የማወጋችሁ ስለ ዶሮ ነው። «መምህሩ የሚጽፈው አጣ መሰለኝ» የምትሉ እንደምትኖሩ እገምታለሁ፤ አልፈርድባችሁም። እኔም ዶሮዎቹ ወደ ጓሯችን ከመግባታቸው በፊት እንዲህ ያለ ርዕስ ባይ ገጹን ገልጬ አልፍ ነበር። ዛሬ ግን በእነርሱ ሰበብ የተማርኩትን ሳልናገር ብቀር ያወቁትን መደበቅ ይሆንብኛል።

ነገሩ የጀመረው በ2016 ዓ.ም. ከረመዷን ዒድ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። የጤና ባለሙያዎች ወደ ትምህርት ቤታችን መጥተው የመምህራኑን ደም ግፊትና ስኳር ለኩ። የእኔ ከፍ ብሎ ስለታያቸው በማግስቱ ቁርስ ሳልቀምስ ጤና ጣቢያ እንድሄድ ነገሩኝ። ሄድኩ፤ 118 ሆነ። ነርሷ ወረቀቱን እያየች «መምህር፣ በባዶ ሆድ ከ100 በታች ቢሆን ጥሩ ነበር። 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራም ከጸና የስኳር ሕመም ይባላል። እርስዎ ገና አልገቡበትም፤ ግን ደጃፉ ላይ ነዎት» አለችኝ። ቀጥላም «በቤተሰብ ስኳር ያለበት ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አለ። አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ። እግራቸውን ምስማር ወግቷቸው ሳይሰማቸው ቀረ፤ ሕመሙ የእግራቸውን ስሜት አደንዝዞት ኖሯል። ቁስሉ ሳይድን ከርሞ በመጨረሻ ከጉልበታቸው በታች ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ለሶላት ሲነሱ ትከሻዬን ይደገፉ የነበረው ዛሬም ከትከሻዬ ላይ ያለ ይመስለኛል።

በዚያው ሳምንት ባለቤቴ ሁለት ዓመት ያልሞላትን ትንሿን ልጃችንን ለማስመዘን ወስዳ ነበር። ካርዷ ላይ ወደ ላይ መውጣት የነበረበት የክብደት መስመር ለሦስት ወር አግድም ሄዷል። «ምን ትበላለች?» ብለው ጠየቋት። «እኛ የምንበላውን» አለች ባለቤቴ። «እንግዲያው እናንተ የምትበሉትን እንነጋገርበት» አሏት።

ያን ቀን ማታ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጠን ተያየን። አባት ትርፍ አለበት፣ ልጅ ጉድለት አለባት፤ ማዕዱ ግን አንድ ነው። ይህ የእኛ ቤት ጉድ ብቻ አልነበረም። በ2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 37ቱ ለዕድሜያቸው ከሚገባው ቁመት በታች ሆነው ተገኝተዋል። የመቀንጨር ነገር ስነሳ ሁልጊዜ የሚታየኝ ድርቅ የመታው ሩቅ ቀበሌ ነበር። ደመወዝተኛ መምህር ቤት፣ ደሴ ከተማ ውስጥ፣ ሦስት ጊዜ በሚበላበት ቤት ይገኛል ብዬ አላሰብኩም።

ሐላሉን ጠይቀን መልካሙን ረሳን

እስቲ ማዕዳችንን ልግለጥላችሁ። ጧት ነጭ ዳቦና በስኳር የወፈረ ሻይ። ቀን እንጀራ በሽሮ። ማታ በሚረጋ ዘይት የራሰ ፓስታ ወይም ሩዝ። ለልጆች መክሰስ ብስኩት፤ ለእንግዳና ለዒድ ለስላሳ መጠጥ። ጎመን «የቸገረው ምግብ» ተብሎ ተንቋል፤ እንቁላል ሲታመሙ ይታሰባል። ያም ሆኖ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሐራም የሚባል አልነበረም። ሥጋ ስንገዛ ማን እንዳረደው አጥብቀን እንጠይቃለን። የታሸገ ነገር ሲመጣ ጽሑፉን አገላብጠን እናያለን።

እኔ ከመድረሳ ጀምሬ ሐላልና ጦይብ የሚሉት ሁለት ቃላት በቁርአን ውስጥ ጎን ለጎን እንደመጡ አውቃለሁ። የመጀመሪያው የተፈቀደውን፣ ሁለተኛው መልካምና ንጹሕ የሆነውን ያመለክታል። ሆድን ለምግብ፣ ለውሃና ለትንፋሽ በሦስት ስለመክፈል የሚያወሳውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ትምህርትም ለሌላ ሰው ደጋግሜ ነግሬያለሁ። በቤቴ ግን «ሐላል ነው ወይ?» ከሚለው ጥያቄ አልፌ «ለዚህች ሕፃን መልካም ነው ወይ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ባለቤቴ ግን ጠየቀች። ጠይቃም አልቀረች፤ መልሱን ይዛ መጣች።

«ስምንት ቄብ እንግዛ» አለች።

«የት ልናኖራቸው?»

«ጓሮ።»

«ማን ሊያጸዳ?»

«ሁላችንም።»

«ሁላችንም ማለት ማንም ማለት ነው» አልኳት፤ ክፍል ውስጥ የጥቁር ሰሌዳ ተረኛ የሚጠፋብኝ መምህር ነኝና አውቀዋለሁ።

ምክንያቶቼን ደረደርኩ። ሽታው ጎረቤት ያስቀይማል። የደሴ ብርድ ይገድላቸዋል። ሸለምጥማጥ ይበላቸዋል። መኖ ተወዷል። የልቤ ምክንያት ግን ሌላ ነበር። መምህር ሆኜ፣ ሸሚዝ አስገብቼ የምሄድ ሰው፣ የዶሮ ኩስ ስጠርግ መታየቱ ከበደኝ። ዶሮ ለእኔ ትቻት የመጣሁት የገጠር ሕይወት ነበረች። በ2015 ዓ.ም. «የሌማት ትሩፋት» ከታወጀ ወዲህ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስለ እንቁላልና ወተት ሲወራ «ይህ የገበሬው ጉዳይ ነው» ብዬ ጋዜጣዬን የምገልጥ ሰው ነበርኩ።

አብራን የምትኖረው እናቴ ክርክራችንን ሰምታ «ልጄ፣ አንተን ያሳደገችህ ዶሮ አይደለችም እንዴ? ደብተርህ በምን ተገዛ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በግንቦት ወር ስምንት ቄቦች በካርቶን ሆነው ከኮምቦልቻ መጡ።

የእኔ ተራ የነበረው ክትባት

ቤታቸውን ከአሮጌ ጣውላና ቆርቆሮ ሠራንላቸው። ከመሬት ከፍ አደረግነው፤ ቆጥ አበጀንለት፤ ወለሉን በሳጋቱራ ሸፈንነው። ሥራ ተከፋፈልን። ትልቋ ልጄ ውሃና መኖ፣ ወንዱ ልጄ እንቁላል መልቀም፣ ባለቤቴ ጽዳቱን፣ እኔ ደግሞ ግዢና ክትባት። ቀላሉን የያዝኩ መስሎኝ ደስ አለኝ።

የሸጠልን ሰው ሲለያየን «የፈንግል ክትባት ጀምረዋል፤ የሚቀጥለው በሦስት ሳምንት ውስጥ ይሰጣቸው» ብሎ ነበር። ፈተና አረማለሁ አልኩ፤ ስብሰባ አለ አልኩ፤ ነገ አልኩ። ሰኔ ሲገባደድ ዝናቡ ጀመረ። አንድ ቀን ከሱብሒ ሶላት ስመለስ አንዷ ጥግ ይዛ አንገቷ ተጠማዞ አገኘኋት። አረንጓዴ ተቅማጥ ነበራት፤ ትንፋሽም ያጥራት ነበር። በሳምንት ውስጥ ሦስት ሞቱ።

ፈንግል ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም። ዋናው መከላከያው ክትባት ነው፤ ይህንንም ክትባት ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ያመርተዋል። በሽታው በክረምት መግቢያ እንደሚበረታ እናቴ እንኳ ታውቅ ነበር። ትልቋ ልጄ ሦስተኛዋን በጨርቅ ጠቅልላ ስታመጣ ቀና ብላ አየችኝና «አባዬ፣ የክትባቱ ቀን መቼ ነበር?» አለችኝ። ተማሪዎቼን «የቤት ሥራችሁ የት አለ?» ብዬ የምጠይቅ እኔ፣ የቤት ሥራዬን ሳልሠራ ተያዝኩ። እንስሳ ያኖረ ሰው በእጁ ስላለች ነፍስ እንደሚጠየቅ ያስተማርኳትም እኔው ነበርኩ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳት። የሞቱትንም ለውሻ ሳንጥል ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርናቸው፤ በሽታው የሚዛመተው በየሜዳው በሚጣል ሬሳም ጭምር ነውና።

ለቀሩት አምስቱ የክትባት ባለሙያ ለማምጣት ስሄድ ሌላ ነገር ተማርኩ። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮዎች የሚበቃ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ አይቆይም። ስለዚህ ለአምስት ዶሮ ብቻ መክፈት ብክነት ነው። ጎረቤታችን እትዬ፣ ክርስቲያን ናቸው፣ «መምህር፣ እኔም ሰባት አሉኝ፤ ከታች ሰፈርም አሉ» ብለው ሰው ሰበሰቡ። በአንድ ጧት የአራት ቤት ዶሮዎች በአንድ ብልቃጥ ተከተቡ። ከዚያን ቀን ወዲህ የክትባቱን ቀን የምመዘግበው እኔ ነኝ፤ ያመለጠኝም የለም።

በእንቁላሉ ምን ልትገዛ ነው?

ነሐሴ ላይ መጣል ጀመሩ። የአገራችን ዶሮ በተለምዶ አያያዝ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች። የተሻሻሉት ዝርያዎች በጥሩ መኖና አያያዝ ከ200 በላይ ይጥላሉ። የእኛዎቹ አምስቱ በቀን ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ይሰጡን ጀመር።

በዚህ ጊዜ እኔ ሒሳብ ያዝኩ። በገበያ አንዱ እንቁላል ከ10 ብር በላይ ነው። በወር ወደ 100 እንቁላል ቢሸጥ ከ1000 ብር በላይ ይሆናል። ለመምህር ቤት ቀላል ገንዘብ አይደለም። አንድ ማታ ሐሳቡን አቀረብኩ።

«በብሩ ምን ልትገዛ ነው?» አለች ባለቤቴ።

«ስኳሩ አልቋል፤ ዘይቱም እያለቀ ነው» አልኩ።

ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴ መቁጠሪያዋን እንደያዘች፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ፣ «አባትህም የገበያ ቀን ሲደርስ እንዲህ ነበር የሚሉት» አለች።

እውነቷን ነበር። በልጅነቴ እንቁላል አይበላም ነበር። በቅል ውስጥ ጭድ ተነጥፎለት ይጠራቀማል፤ የገበያ ቀን ይሸጣል። በብሩ ጨው፣ ሳሙና፣ ስኳር ይገዛል። ሻያችን ከጎረቤት ሁሉ የጣፈጠ በመሆኑ እንኮራ ነበር። እኔና ወንድሞቼ ሰውነት የሚገነባውን እየሸጥን ጣፋጩን እየገዛን አደግን። የአባቴን ሕመም ያመጣው ያ ስኳር ብቻ ነው አልልም፤ የዘር፣ የክብደት፣ የእንቅስቃሴ ማነስ ሁሉ ድርሻ እንዳለው ሐኪም ነግሮኛል። ግን ያን ማታ በእኔ አፍ የተናገሩት አባቴ መሰሉኝ። ደግሜ ስለ መሸጥ አላነሳሁም።

ባለቤቴ ደንብ አወጣች። የመጀመሪያው እንቁላል የትንሿ ነው። ቀጥሎ የሁለቱ ልጆች፣ ከዚያ የእናቴና የእርሷ። እኔ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይደርሰኛል። የሚተርፍ ካለ ይሸጣል፤ ብሩ ግን ለመኖና ለአትክልት እንጂ ለስኳር አይውልም። አንድ እንቁላል ስድስት ግራም ያህል ፕሮቲን፣ እንዲሁም ቫይታሚን ኤ እና ሌሎች ለሚያድግ ሕፃን የሚያስፈልጉ ነገሮች አሉት። ሕፃን ስድስት ወር ከሞላው በኋላ በደንብ በስሎ ሊሰጠው ይችላል። ያም ቢሆን እንቁላል ተአምር አይሠራም። በኢኳዶር በተደረገና በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በቀን አንድ እንቁላል የበሉ ሕፃናት መቀንጨራቸው ሲቀንስ ታይቷል፤ በማላዊ ሲሞከር ግን ያን ያህል ለውጥ አልተገኘም። ሌላው ምግብ፣ ንጽሕናውና ውሃው አብረው ካልተስተካከሉ እንቁላል ብቻውን ቤት አያቆምም።

ስለዚህ ሌላውንም መንካት ግድ ሆነ። የዶሮዎቹ ኩስ ተጠራቅሞ ከበሰበሰ በኋላ ለጓሮ ማዳበሪያ ሆነ፤ ቆስጣ፣ ጎመንና ካሮት ዘራን። የነጩን ዳቦ ቦታ የገብስ ቂንጬና የአጃ ገንፎ ወሰደ። የሚረጋው ዘይት ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይበጅ የስብ ዓይነት ስለሆነ በፈሳሽ ዘይት ተክተን፣ እሱንም በማንኪያ መለካት ጀመርን። ባለ 300 ሚሊ ሊትር አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር እንዳለው ለልጆቹ በሚዛን አሳየኋቸው፤ ክምሩን አይተው ተገረሙ።

ይህ ሁሉ በሰላም የሆነ እንዳይመስላችሁ። ወንዱ ልጄ ለአንድ ሳምንት ቂንጬውን በዓይኑ ብቻ አየው። እኔም ብሆን ቤት ያለ ስኳር ጠጥቼ፣ ትምህርት ቤት ስደርስ ሻዬ ላይ ሦስት ማንኪያ እጨምር ነበር። ልጄ በእኛው ትምህርት ቤት ነው የሚማረው። አንድ ቀን ማዕድ ላይ «አባዬ መምህራን ክበብ ሦስት ማንኪያ ነው የሚጨምረው» ብሎ አጋለጠኝ። ባለቤቴ ቁጣ ሳይሆን ሳቅ አመለጣት። በማግስቱ ሁለት፣ በወሩ አንድ፣ ከዚያ ባዶ ሆነ። ልጄም ቂንጬውን መብላት የጀመረው ያኔ ነው። ስንት ዓመት አስተምሬ ይህን አለማወቄ አሁንም ይደንቀኛል፤ ልጅ የሚከተለው ምክራችንን ሳይሆን ኩባያችንን ነው።

የ2017 ረመዷን የካቲት 22 ሲገባ የክርስቲያኖቹም ሁዳዴ ጾም ተጀምሮ ነበር። እትዬ ዶሮዎቻቸው የጣሉትን እንቁላል ይዘው መጡ። «እኛ እስከ ፋሲካ አንበላውም፤ ልጆቹ ይብሉት» አሉ። እኛና እነርሱ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ እንቁላል ግን ቢላ ስለማይነካው ከቤት ቤት ይሻገራል። ለፋሲካ በፈንታችን የእኛን አሥራ ሁለት እንቁላል ላክንላቸው። በኢፍጧራችንም ከሳምቡሳው ክምር ይልቅ ተምርና የገብስ ሾርባ ቀደመ፤ ሳምቡሳው ለጁምዓ ብቻ ሆነ።

ለመጀመር ለምታስቡ

ጥቂት ምክር ልጨምር። በጥቂት ዶሮ ጀምሩ። አንዷ ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትፈልጋለች፤ የማዕድ ትራፊ ብቻ አይበቃትም። የተፈጨ በቆሎ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ይቀላቀልላት፤ የቅርፊቱ ጥንካሬ ከካልሲየም ነውና ኖራ ድንጋይ ወይም ታጥቦ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይጨመርላት። የሻገተ እህል ፈጽሞ አትስጧቸው። ዶሮዎቹ ከማድ ቤትና ሕፃናት ከሚድሁበት ቦታ ይራቁ፤ ኩሳቸው ሕፃናትን ለተቅማጥ ይዳርጋል። ዶሮ የነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ። እንቁላሉም ጥሬውን ወይም ግማሽ በስሎ ለልጅ አይሰጥ። የስኳር፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ አመጋገቡን ከሐኪሙ ጋር ይመካከር።

በግንቦት 2017 እንደገና ተመረመርኩ፤ 103 ሆነ። ሰባት ኪሎ ቀንሻለሁ። ይህ የዶሮዎቹ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ትምህርት ቤት የምሄደው በእግሬ ከሆነ ቆይቷል፤ የማዕዱም ለውጥ አለበት። ከደጃፉ ጥቂት ራቅኩ እንጂ ደጃፉ ጠፍቷል አልልም። የትንሿ ልጃችን መስመር ግን ወደ ላይ ቀና ብሏል፤ አልሐምዱ ሊላህ። ካርዷን ከእኔ ወረቀት ጋር አንድ ላይ ነው የምናስቀምጠው።

ጧት ጧት ጓሮውን የምጠርገው አሁን እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ለልጅ ልጇ እንቁላል ስትልጥ አያለሁ። እኔን በዚያ ዕድሜዬ እንቁላሉን አስይዛ ወደ ገበያ ነበር የምትልከኝ። ድህነት ነበርና አልወቅሳትም። እኛ ግን ዛሬ ብዙ ጊዜ የምንሸጠው ቸግሮን ሳይሆን ልማድ ሆኖብን ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ጓሮ የሌላችሁ ብዙ ናችሁ፤ ዶሮ ግዴታ አይደለም። ግን በዚህ ሳምንት ዘምቢላችሁን ይዛችሁ ስትወጡ ሁለት ጥያቄ ይዛችሁ ውጡ። የተፈቀደ ነው ወይ? ለቤቴስ መልካም ነው ወይ? አላህ (ሱ.ወ) ሪዝቃችንን ሐላልም መልካምም ያድርግልን፤ ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን፤ የሞቱብንንም ወላጆች ይዘንላቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።